ሰው ተኩል

የዚህችን ከተማ ስም ብነግራችሁ የሚጠቅማችሁ ነገር የለም። ፈልጋችሁ ብታጧት እኔን ዋሾ ትሉኛላችሁ፤ ብታገኟት ደግሞ የከተማው ሰው ሰላም አይሰጠኝም። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት ብለን እንለፋት። ወንዙ ሰፊ ነው። ጥልቀቱ ከጎልማሳ ሰው ወገብ እምብዛም አያልፍም፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ግን አመለኛ ነው፤ ዛሬ የረገጡት ነገ ቦታው ላይ አይገኝም። ታንኳ ይሰብራል፣ በቅሎ ይጥላል። ድልድይ የለም ወይ ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሳችን ድልድዩ በጥናት ላይ ነው የሚል ነው። ጥናቱን የጀመሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፣ ጥናቱ ግን ገና ብርቱ ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር ሰው ወንዝ የሚሻገረው በሰው ጀርባ ነው። አሻጋሪዎች የሚባሉ፣ የእግራቸው ጣት ድንጋዩን ጨብጦ የሚይዝ ወንዶች ነበሩን። የሥራቸው ልማድ ደግሞ የራሱ ወግ ነበረው። አሻጋሪ አስቀድሞ ዋጋ አይናገርም። መጀመሪያ መንገደኛውን ጀርባው ላይ ያወጣዋል፣ አንዴ ወደ ላይ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። «ሰው» ካለ የአንድ ሰው ዋጋ ማለት ነው። «ሰው ከሩብ» አለ፣ «ሰው ተኩል» አለ፣ ለልጆች ደግሞ «ግማሽ ሰው» ይባላል። በዋጋው ያልተስማማ ጀርባ ላይ እንዳለ ይከራከራል። ዳር የቆመው ሁሉ ያገባኛል ይላል፤ አንዱ ይሄማ ሰው ከሩብ አይሞላም ሲል፣ ሌላው ጋቢው ተቆጥሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከተስማሙ በኋላ አሻጋሪው እግሩን ውሃው ውስጥ ይነክራል፤ እግር ከረጠበ ወዲያ የዋጋ ነገር አይነሣም።

በዚህ ክርክር እንደ እትዬ ደብሪቱ የሚደሰት አልነበረም። እትዬ ደብሪቱ የጌሾና የብቅል ነጋዴ ናቸው፤ ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አስቀድሞ የሚስቅ ሴት። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ስንዱ ናት፤ እሷም ማዶ ላለ ንብ አርቢ ተድራለች። በየገበያው ቀን እናትየዋ ጌሾአቸውን ሸጠው ወደ ልጃቸው ይሻገራሉ። የሚሸከማቸው ሁልጊዜ ጫኔ ነው፤ አጭር፣ አንገት የሌለው የሚመስል፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው። ጾም ሲፈታ ጫኔ «ሰው ተኩል» ብሎ ሲጠራ፣ እትዬ ደብሪቱ ጀርባው ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ጊዜ ጾሜ አጥንቴ ብቻ ነው የቀረው ይላሉ። ጫኔ ደግሞ አጥንቱ የት ጋ እንደሆነ ቢያሳዩኝ እቀንስ ነበር ይላል። ዳር የቆመው ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ በመጨረሻ ሰው ተኩል ይከፍላሉ። ሲመለሱ ስንዱ ማር አብልታ ስለምትልካቸው ዋጋው እንደገና ለክርክር ይቀርባል።

አንድ ነገር ግን እትዬ ደብሪቱን አያስቃቸውም ነበር። ባለፈው ዓመት ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ እናትየዋ በወባ ተይዘው አልጋ ላይ ነበሩ። ልጅቷ ብቻዋን አማጠች፣ ሕፃኑም አልተረፈም። እትዬ ደብሪቱ ካገገሙ በኋላ ማዶ ተሻግረው የልጃቸውን እጅ ይዘው ማሉ፤ ሁለተኛ ያለ እኔ አትወልጂም አሏት። አሁን ስንዱ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ቀኗ ክረምቱ ሲወጣ ነው።

በዚህ መካከል ነው የከተማችን አስተዳዳሪ ሹም ደምለው ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ማዶ ለመሻገር የመጡት። ሹም ደምለው ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ግርማቸው ከፊትም ከኋላም ይታያል። ጫኔ አወጣቸው፣ ነቅነቅ አደረጋቸው፣ ትንሽ አሰበና «ሁለት ሰው ከሩብ» ብሎ ጠራ። ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ማዶ ነጭ ለብሰው የሚጠብቁት አማቾች ሰሙ፤ ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት እልል አለች ይባላል። ሹሙ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ያኔውኑ ነገሩ እንዳላማረ ማወቅ ነበረብን።

ሳምንት ሳይሞላ አዋጅ ወጣ። አዋጁ አጭር ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ሰው ነው፣ ስለዚህ ማንም በአንድ ሰው ዋጋ ይሻገራል፣ የሰውን ክብደት በአደባባይ መጥራትም ስድብ ነው ይላል። የከተማችን ብልሆች በአዋጁ ውስጥ ስህተት ሲፈልጉ ሰነበቱ፤ አላገኙም። ተነሥቶ አንድ ሰው አንድ ሰው አይደለም የሚል ማን ይኖራል? ቢኖርስ እናቱ ምን ትላለች? ያወቁትም ያላወቁትም አጨበጨቡ።

ለአዋጁ ድግስ ተደገሰ። እትዬ ደብሪቱ የግፉዓን ተወካይ ሆነው መድረክ ላይ እንዲወጡ ተጠሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግፍ እየተፈጸመባቸው መሆኑን አያውቁም ነበር፤ ሲነገራቸው ግን አመኑ። ሹሙ እነሆ ይህች እናት በየገበያው ቀን በሕዝብ ፊት ትዋረድ ነበር ሲሉ፣ እትዬ ደብሪቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏቸው ነበር። የማይከፍሉት ግማሽ ለልጅ ልጃቸው ማቀፊያ ይሆናል ብለው ሲያስቡ፣ ሆዳቸው በደስታ ሞላ። እልልታውን ያቀለጡት እሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እትዬ ደብሪቱ ወንዝ ዳር ወረዱ። ጫኔ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ጤናቸውን ጠየቀ፣ የስንዱን ደኅንነት ጠየቀ፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ዛሬ ወገቤን ነው አለ። አጠገቡ ያለው አሻጋሪም ወገቡን ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉልበቱን ነበር። እሳቸው እግዜር ይማራችሁ ብለው ተመለሱ። በማግስቱ ሲወርዱ በሽታው ሁሉንም አዳርሷል።

ይህ በሽታ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ቀጭን ሰው ሲመጣ ይለቅቃል። እኔ በተፈጥሮዬ ከሲታ ነኝ፤ ንፋስ ሲነሣ እናቴ ቤት ግባ ትለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አይቼው የማላውቀውን ክብር አየሁ። አሻጋሪዎች እኔን ለመሸከም ይጋፉ ጀመር፤ አንዱ ክንዴን፣ ሌላው ጋቢዬን ይዞ ይጎትታል። ማዶ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ እየተሻገርኩ እመለስ ነበር። ደልደል ያሉት ሰዎች ሳር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሰው መሆናቸውን በአዋጅ አረጋግጠው፣ ያዩናል።

እትዬ ደብሪቱ መቀመጥ ሲሰለቻቸው ጫኔ ቤት ሄዱ። ጫኔ ደጃፉ ላይ እግሩን በእንዶድ ያጥባል። በዚህ ወገብህ ጎንበስ ብለህ መታጠብህ አይጎዳህም ወይ አሉት። ጫኔ ቀና አለ፤ መዋሸት ድሮም አይሆንለትም ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎን ያሻገርኩ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝቼ ነው የምውለው» አላቸው። «ተኝቼ የምውልበትን ድሮ እርስዎ ይከፍሉኝ ነበር። አሁን ማን ይክፈለኝ?»

«እኔ ልክፈልሃ።»

«እሱማ ወንጀል ነው። አንድ ሰው ነዎት፣ ታውጆልዎታል።»

እትዬ ደብሪቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጫኔን ጀርባ እንደ መንገድ ሳይሆን እንደ ሰው ጀርባ አዩት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደው አንድ ቅል ቅቤ አመጡና ለወገብህ መታሻ ይሁንህ አሉት። ስለ ዋጋ ያነሣ የለም። በማግስቱ ወገቡ ዳነ።

ነገሩ ተሰማ። ደልደል ያሉት ሁሉ ቅቤ እየያዙ ይወርዱ ጀመር፤ በጣም የከበደ ቅቤውን ከነማሰሮው ያመጣል። አሻጋሪዎቻችን ፀጉራቸው ሳይቀር ያብለጨልጭ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ገበያ ላይ ቅቤ ተወደደ፣ ወጣችንም ደረቅ አለ። ሹም ደምለው የቅቤው ዋጋ መናሩን ሲሰሙ የቅቤ ነጋዴዎችን ስግብግብነት አወገዙና ለቅቤም አንድ ዋጋ አወጡ። ነጋዴዎቹም ቅቤያቸውን ይዘው ቤታቸው ተቀመጡ፤ ስለ ቅቤ ከዚያ በኋላ የሰማነው በወሬ ብቻ ነው። የአሻጋሪዎች ወገብም ወደ ቀድሞ ሕመሙ ተመለሰ።

ሹሙ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ማንም አሻጋሪ ከሰልፉ ፊት የቆመውን ሰው ሳይመርጥ እንዲያሻግር አዘዙ። ከዚያ በኋላ ፊት የቆመው ደልደል ያለ ከሆነ አሻጋሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቁጥቋጦ ጥግ ደርሰው መምጣት ያምራቸዋል፤ ሰውየው ሰልችቶት ሰልፉን ሲለቅ ይመለሳሉ። እንግዲያው ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል ተባለ። ተቆጣጣሪ ደግሞ ከወዲህ ዳር የተነሣው ሰው በእርግጥ ማዶ መድረሱን ማየት ስላለበት መሻገር አለበት። የመንግሥት ሰው ስለሆነ አይከፍልም፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነም ይቀድማል። ተቆጣጣሪዎቹ በዙ። ከጠዋት እስከ ማታ ወንዙ ላይ የሚታየው፣ አሻጋሪዎች ሰው ማሻገር አለማሻገራቸውን ለመቆጣጠር በአሻጋሪዎች ጀርባ የሚሻገር ተቆጣጣሪ ብቻ ሆነ።

አሻጋሪዎችም ሰዎች ናቸው፤ መሸከምና መፈናጠጥ የቱ እንደሚሻል ገባቸው። አንድ በአንድ ለተቆጣጣሪነት ተፈትነው አለፉ። ጫኔም ተፈትኖ ነበር፤ የአንድ ሰው ክብደት ስንት ነው የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት የማን ብሎ ስለጠየቀ ወደቀ። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ወንዙ ዳር የቀሩት አሻጋሪዎች እሱና ጥቂት የፈተና ወዳቂዎች ነበሩ።

እትዬ ደብሪቱ እስከዚያ ድረስ ያልሞከሩት የለም። ምግብ ቀነሱ፤ ጎረቤታቸው ከስተዋል ስትላቸው ድምፅሽን ቀንሺ፣ ስድብ ነው ይሏታል። ራሳቸው ወንዙ ውስጥ ገብተው ድንጋዩ ጥሏቸው በገመድ ወጡ። ጌሾ መሸጡንም ተዉት። ማዶውን እያዩ መዋል ሆነ ሥራቸው። በስተመጨረሻ ሳቃቸው ራሱ ጠፋ፤ እኔ ክፉ ቀን መድረሱ የገባኝ ያኔ ነው።

መልእክቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንደ ልማዴ ያለ ጉዳይ ተሻግሬ ስንዱ ደጅ ሳልፍ ባልየው እየሮጠ ወጣና ወደ ቤት አስገባኝ። ስንዱ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፣ ፊቷ በላብ ርሷል። ከትናንት ጀምሮ ያማታል። ለእናቴ ንገራት አለችኝ። የማይረባ ሰው መሆኔ የተሰማኝ ያኔ ነው። ከእኔ ይልቅ መሻገር የነበረባት ሴት በከተማችን በኩል ሳር ላይ ተቀምጣለች።

ለእትዬ ደብሪቱ ስነግራቸው አላለቀሱም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ወደ ውሃው ጫፍ ወረዱ፣ በሰልፉና በተቆጣጣሪዎቹ ሁሉ ፊት ቆሙ። ከዚያ ከጫኔ በላይ በሆነ ድምፅ ተናገሩ።

«እኔ ሰው ተኩል ነኝ። ሰው ተኩል እከፍላለሁ። የሚያሻግረኝ ማነው?»

ጫኔ ከድንጋዩ ላይ ብድግ ሲል አንድ ተቆጣጣሪ በሁለቱ መካከል ገባና እትዬ ደብሪቱን ያዛቸው። ጥፋታቸው አንዲትን የተከበረች ዜጋ በአደባባይ መስደብ ነበር።

ነገሩ ከባድ ስለሆነ ችሎቱ ያኔውኑ ተሰየመ። ሹም ደምለው ከፊት ተቀመጡ። ዳኛው ሥርዓት የሚወዱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ከሳሽ በቀኝ፣ ተከሳሽ በግራ ካልቆመ ቃል አይቀበሉም። ሰዳቢዋ ማን ናት ብለው ሲጠይቁ እትዬ ደብሪቱ በግራ ሆነው እኔ ነኝ አሉ። ተሰዳቢዋስ ሲባሉ ወደ ቀኝ ተሻግረው እሷም እኔው ነኝ አሉ። ዳኛው በዚህ አልተደናገጡም።

«ሰዳቢዎን ይቅር ይሏታል?» አሏቸው።

«ብዙ ዘመን አብረን ኖረናል ጌታዬ፣ ይቅር ብያታለሁ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። የአፋቸው ቀልድ ከልማድ የመጣ ነው፤ ጆሯቸው ግን ማዶ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ደጋግመው ያያሉ።

ተቆጣጣሪው ተነሥቶ ስድቡ ተሰዳቢዋን ብቻ ሳይሆን በእሷ ልክ ያሉትን ሁሉ የነካ ስለሆነ በእርቅ አያልቅም አለ። ዳኛው ሕጉን አገላበጡ። ቀላሉ ቅጣት ጥፋተኛዋ በገበያ መካከል ቆማ ራሷን ይቅርታ እንድትጠይቅ ነው። ከባዱ ከከተማው ተባርራ ወንዝ ማዶ መሻገር ነው፤ ዳግመኛም አትመለስም። ይህን ሲያነቡ እትዬ ደብሪቱ ቀና ሲሉ አየኋቸው።

«ጌታዬ፣ ከባዱን ይፍረዱብኝ» አሉ።

ዳኛው አዘኑላቸው። ለመጀመሪያ ጥፋት ያን ያህል አልጨክንም፣ ሕጉም አይፈቅድልኝም፤ ከባዱ ለደጋጋሚ ነው አሉ። እትዬ ደብሪቱ ጥቂት አሰቡ። ቤታቸው፣ የጌሾ ጎተራቸው፣ የባላቸው መቃብር ያለው ከወዲህ ነው። ዳግመኛ አትመለስም የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሹም ደምለው አዞሩ።

«እንግዲያው ልድገም» አሉ። «ሹም ደምለው ሁለት ሰው ከሩብ ናቸው። ከተማው ያውቃል፣ አማቾቻቸውም ሰምተዋል።»

ችሎቱ ጭጭ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሹሙ የተቀመጡበት ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ እኔ እስከ ዛሬ ምስክርነት ነው እላለሁ። ዳኛው ሹሙን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ከዚያ ፈረዱ። ጥፋተኛዋ ጀምበር ሳትጠልቅ በመንግሥት ወጪ ወንዙን ትሻገር፤ ሳትሻገር ጀምበር ከጠለቀች ፍርዱ ይፈርሳል፣ ክሱም እንደገና ከመጀመሪያው ይታያል አሉ። ከመጀመሪያው ይታያል ማለት የሹሙ ክብደት እንደገና በችሎት ይነበባል ማለት ነው። ሹሙ ቀድመው የወጡት ለዚህ ነው።

ወንዝ ዳር ስንወርድ ጀምበሯ ዘቅዝቃለች። ተቆጣጣሪዎቹ እንደ አሸዋ ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን ውሃ መግባት ሥራው የሆነ አንድም አልተገኘም። ሹሙ ግራ ቀኝ አዩና ጫኔን ጠሩ። አንሥተህ አሻግር አሉት። ጫኔም እትዬ ደብሪቱን ጀርባው ላይ አወጣቸው፣ አንዴ ነቅነቅ አደረጋቸው፣ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመ።

«ሰው ተኩል» ብሎ ጠራ።

ከአዋጁ ወዲህ ያልተሰማ ድምፅ ነው። ዳር የቆመው ሕዝብ ወደ ውሃው ተጠጋ። ተቆጣጣሪዎቹ ሊይዙት ፈለጉ፤ እሱን ከያዙ ማን እንደሚያሻግር ግን አያውቁም፣ ስለዚህ ሹሙን አዩ። ሹሙ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ አንድ ሰው ናት፣ አዋጁን ታውቃለህ አሉት። ጫኔ እትዬ ደብሪቱን በክብር መሬት ላይ አወረዳቸው። እንግዲያው ይቆዩ አለ። ሹሙ ጀምበሯን አዩና ሰው ከሩብ አሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ጫኔ መልሶ አወጣቸው እንጂ እግሩን አላነሣም።

እትዬ ደብሪቱ ጀርባው ላይ ሆነው ትንሽ ከፍ አድርገው ይናገሩ ጌታዬ፣ ጫኔ ጆሮው ውስጥ ውሃ ገብቶበታል አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው ግን ሳቁን ሊቀላቀሉ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ልጄ ምጥ ላይ ናት» አሉ። «ያለ እኔ እንዳትወልድ ምዬላታለሁ። የጠየቀውን ይስጡትና ልሂድ።»

ሳቁ ቆመ። ሹም ደምለውም ቢሆኑ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያኔ ፊታቸውን አይቼዋለሁና አልዋሽም። ሰው ተኩል አሉ፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ። ጸሐፊያቸው ብዕሩን እንደያዘ ይህን ከአዋጁ ጋር እንዴት ላስማማው ብሎ ሲጨነቅ፣ ሹሙ ወዲያው መላ አገኙ፤ ለሴትዮዋ የአንድ ሰው፣ ለጥፋቷ ደግሞ የግማሽ ብለህ ጻፍ አሉት። አዋጁ ምንም ሳይነካ ቀረ። ጫኔም እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ።

ወንዙ መካከል ሲደርሱ ጫኔ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ሰው ከሩብ እንኳ አይሞሉም። ጭንቀት በልቶዎታል።»

«ዝም ብለህ ሂድ» አሉት። «ከሰሙ ይመልሱናል።»

ጀምበር ጥልቅ ስትል ማዶ ረገጡ። ባልየው እየሮጠ መጣ፣ እሳቸው ግን ቀደሙት፤ በዚያ አካል ያን ያህል ይሮጣል ብሎ የሚያምን አልነበረም። ስንዱ የእናቷን ድምፅ ደጅ ላይ ስትሰማ እስከዚያ ይዛው የነበረውን ልቅሶ ለቀቀችው። እትዬ ደብሪቱ ከኋላዋ ተቀምጠው አቀፏት፣ እጇንም ያዙ። ኩራዝ ሲበራ ልጅቷ ተወለደች፤ ጮኸች፣ መጮኋንም አላቋረጠችም። እትዬ ደብሪቱ ጩኸቱን እየሰሙ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በእኛ በኩል ደግሞ በሚቀጥለው የችሎት ቀን ዳኛው በር ላይ ሰልፍ አገኙ። ደልደል ያሉት የከተማችን ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ሊሰድቡ መጥተዋል። አንዱ ለቀብር፣ ሌላው ለእህል፣ ሌላው አማቱን ለመጠየቅ ማዶ ጉዳይ አለው። ለመጀመሪያ ጥፋት ማባረር ስለማይቻል ሁሉም ሁለተኛውን ጥፋት በሹም ደምለው ላይ ይፈጽማል፤ ሹሙም ክብደታቸውን በየቀኑ ከየአፉ ይሰማሉ፣ ሁለት ሰው ከሩቡም ቀስ በቀስ ሦስት ሊሞላ ደረሰ። መንግሥት ለተባራሪዎች ማሻገሪያ የሚከፍለው ዋጋ ደህና ስለሆነ ብዙ ተቆጣጣሪዎች ወደ አሻጋሪነታቸው ተመለሱ። ማዶ የደረሰ ሰው ከዚያ ወንዙን ወደ ሌላ መንደር ለመሻገር ሲፈልግ፣ በዚያ በኩል አዋጅ ስለሌለ እንደ ድሮው ተከራክሮ ይፈናጠጣል። ገበያውም ወደዚያው ሄደ፤ ቅቤም አለ ይባላል።

የሹሙ ጽሕፈት ቤት አዋጁ መሳካቱን በዓመቱ መጨረሻ ገለጸ። ወንዝ ዳር ተቀምጦ የሚያማርር ደልደል ያለ ሰው አንድ እንኳ አልተገኘም። አጨበጨብን። እኔ ራሴ ለመባረር ሞክሬ ነበር፤ ዳኛው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ለዚህ አካል ስድብ የሚሆን ክብደት አላገኘሁም ብለው መዝገቤን ዘጉት።

ስለዚህ ከፍዬ ነው የምሻገረው። ባለፈው ጫኔ አሻግሮኝ አብረን እትዬ ደብሪቱን ልንጠይቅ ሄድን። አጥሩ ሥር የወዲህኛውን ዳር እያዩ ቆመው አገኘናቸው፤ የጎተራቸው ጣሪያ ከዚያ ይታያል። ሕፃኗን በጀርባቸው አዝለዋታል። ጫኔ ዞር ብሎ ሕፃኗን አየና ይህችንስ በስንት ነው የሚሸከሟት ብሎ ጠየቃቸው።

እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ከጣሪያው መለሱ። ሕፃኗን አንዴ ወደ ላይ ነቅነቅ አደረጓት።

«ገና እየተከራከርን ነው» አሉ። «እሷ ግማሽ ሰው ነኝ ትላለች፤ እኔ ሁለት ሰው ነሽ እላታለሁ።»